ከብር ሸሽቶ መሬት መግዛት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ እሱ የሰው አይሱዙ ይነዳል። ትውልዳችን ቢቸና አካባቢ ነው። በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀምናት 700 ሺህ ብር አለችን። ብሩ በየጊዜው እየረከሰ ስለሆነ ባለቤቴ "መሬት እንግዛበት" ይላል። የአባቱ የአጎት ልጅ የሆኑ አንድ አዛውንት ሦስት ጥማድ ሊለቁልን ፈቅደዋል። ውሉ በሽማግሌ ፊት ይጻፋል፤ ላዩ ላይ "ኮንትራት" ይባላል፣ በውስጥ ግን ለዘለቄታው ነው። ደብተራቸውንም ይሰጡናል። ባለቤቴ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" ቢልም እኔ ፈርቻለሁ። ምን ይመክሩናል? እንቢ ካልኩስ ለእሱ እንዴት ልንገረው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላዞር ልንገርሽ፤ በዚህ መንገድ አትግዙ። የፈራሽው ነገሩ ስለገባሽ ነው። ባለቤትሽም ቢሆን ሞኝ አይደለም፤ ያየው ነገር አለ። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። አይሱዙ የሚነዳ ሰው የጎማውን፣ የዘይቱንና የናፍጣውን ዋጋ በየጉዞው ያየዋል። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። እናንተ በዕቁብ ስትለቅሙ ኑሮው ቆሞ አልጠበቃችሁም። ደግሞ የጎጃም ሰው ሲጨንቀው ዓይኑ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው በእርሻ ገቢ ግብሩ ላይ ጠመንጃ ያነሣው ግብሩ ስለከበደው ብቻ አልነበረም፤ "መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊሄድ ነው" የሚል ስጋትም ስለነበረው ነው። ከዚያ ሕዝብ የተወለደ ሰው ገንዘቤን አፈር ላይ ላሳርፍ ቢል አይፈረድበትም።

ግን በ700 ሺህ ብራችሁ የምትገዙት ነገር ምንድን ነው?

ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ በአገራችን የገጠር መሬት የግል ሆኖ አያውቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት "የማይሸጥ የማይለወጥ" ነው ይላል። የክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009ም፣ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህን አልነኩትም። አዛውንቱ ያላቸው የይዞታ መብት ነው። ያርሱታል፣ ያከራዩታል፣ ለልጆቻቸው ያወርሱታል፤ መሸጥ ግን አይችሉም። የሌላቸውን መብት ደግሞ ሽማግሌ ቢሰበሰብ፣ ምስክር ቢፈርም፣ አሻራ ቢደረግበት ለእናንተ ሊሰጧችሁ አይችሉም።

እዚህ ድረስ ያለውን ባለቤትሽም የሚያጣው አይመስለኝም። እሱ የሚለው "ማን ይከሰናል?" ነው።

አንድ ቀን ክርክር ቢነሣና ፍርድ ቤቱ "ኮንትራት" የተባለው ወረቀት ሽያጭ መሆኑን ቢያይ ውሉ ፈራሽ ነው። ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ መሬቱ ለባለይዞታው፣ ገንዘቡ ለእናንተ። የሚመለሰው በመርህ የከፈላችሁት 700 ሺህ ብር ነው። ስምንት ዓመት ቢቆይም፣ አሥር ዓመት ቢቆይም ያው 700 ሺህ ብር ነው። በመሀሉ የጤፍ ኩንታል ስንት እንደገባ የሚቆጥርላችሁ የለም። ብር ይረክሳል ብላችሁ ሸሻችሁ፤ መሬቱ ላይ ዓመታት ደከማችሁ፤ በመጨረሻ የምትረከቡት ያንኑ የረከሰውን ብር ነው። እሱም የሚገኘው ከፋዩ ካለው ነው። ገንዘቡን ለልጅ ሰርግ ወይም ለሕክምና ካወጡት ፍርዱን ይዛችሁ ከማን ላይ ታስፈጽማላችሁ?

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የክሱ ጊዜ ነው። ብሩ ባይረክስና የመሬቱ ዋጋ ባይጨምር ኖሮ ማንም አይከሳችሁም ነበር፤ እናንተም ምንም አላተረፋችሁም። ባለቤትሽ ያሰበው ከሆነ፣ ማለትም ብሩ ወድቆ መሬቱ ከተወደደ፣ ያኔ የአዛውንቱ ልጆች መለስ ብለው ያያሉ። "አባታችን በ700 ሺህ የሸጠው ዛሬ ስንት ያወጣል?" ይላሉ። 700 ሺህ መልሶ ሦስት ጥማድ መረከብ ለእነሱ ትልቅ ትርፍ ነው። ስለዚህ ግዢው አዋጭ የሚሆንላችሁ ቀን፣ እነሱ ፍርድ ቤት የሚሄዱበት ቀን ነው። ባለቤትሽ ከሁሉ በላይ ይህን እንዲያስብበት እፈልጋለሁ።

ደብተሩን እንይዛለን ብላችኋል። ደብተሩን በእጅሽ ይዘሽ በደንብ አይተሽው ታውቂያለሽ? አረንጓዴው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ውስጥ ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስም አለ፤ ፎቷቸውም ጎን ለጎን ተለጥፏል። እያንዳንዱ ማሳ በምሥራቅ ከማን፣ በምዕራብ ከማን፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ተጽፏል። ደብተሩን የመስጠቱ ሥራ በክልሉ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቀበሌዎች አንዷ እዚያው ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ወረዳ ያለችው አዲስና ጉሊት ነበረች፤ በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። በኋላም በብዙ ቀበሌ ማሳው ተለክቶ ካርታ የያዘ ሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ወጥቶለታል። ደብተሩ እናንተ ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍ መዝገቡ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው ያለው። ባለይዞታው "ጠፋብኝ" ብሎ ምትክ ሊያወጣ ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ስለዚያች ከአዛውንቱ ጎን ፎቷቸው ስላለው ሴት በደብዳቤሽ አንድም ቃል አልጻፍሽም። እትዬ ይህን ያውቃሉ? ይዞታው የሁለቱ ነው። ባል ብቻውን በሽማግሌ ፊት የፈረመው ነገር እሷን አያስራትም።

ደግሞ አንድ ቀን ከተማው ሰፍቶ ወይም መንገድ መጥቶ ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣ የሚከፈለው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው። የመንደር ውል የያዘ ሰው ከካሣው ላይ ድርሻውን የሚያገኘው ባለይዞታው በፈቀደው መጠን ነው። ቢቸና፣ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ በእርሻ ማሳ ላይ "ለወደፊት ቤት ይሆነናል" ብለው ለሚያስቡ ሁሉ ይህ ይመለከታቸዋል።

ሌላ ብልሃትም ይመከራችኋል። "ስጦታ አስመስሉት"፣ "ብድር አስመስሉትና መሬቱን ወለድ አገድ አድርጉት"፣ "ውክልና ይስጧችሁ" የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ስጦታ በሕጉ ለማን ሊደረግ እንደሚችል ገደብ አለው። በስጦታ ስም የተደበቀ ሽያጭም መልኩ ሲገለጥ ያው ሽያጭ ነው። ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮት ያበቃል። ወለድ አገዱም ቢሆን የሚያስመልስላችሁ ያበደራችሁትን ብር ነው፤ ዞሮ ዞሮ ያው ብር።

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው" ለሚለው ባለቤትሽ እውነት አለው። እንዲህ ገዝተው ዓመታት ያረሱ አሉ። ግን ያረሱት ውሉ ስለጠበቃቸው አይደለም፤ የሻጩ ቤተሰብ በጎ ፈቃድ ስላልተቋረጠ ነው። እናንተ ደግሞ ባሕር ዳር ናችሁ። ማሳው ላይ ማን እንደዋለ፣ ድንበሩን ማን እንደገፋ ቶሎ የምታዩት አይደላችሁም። ባለቤትሽ መንገዱን ስለሚያውቀው ልጠይቀው፤ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ስንት ጊዜ ተዘግቶበት ቆሟል? ያኔ የእርሻ ወቅት ቢሆን ኖሮ ማዳበሪያውን ማን ያደርስ ነበር?

ስለ አዛውንቱ ትንሽ ልቆይ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ከልቤ ያልወጡት እሳቸው ናቸው። ገበሬ በጤናው መሬቱን አይለቅም። ሲለቅ ብዙ ጊዜ ከኋላው በሽታ አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ልጅን ወደ ውጭ መላክ አለ፣ ወይም ጉልበት አልቆ የሚያርስ ሰው መታጣት አለ። ባለቤትሽ ብር በእጄ እየቀለጠ ነው ይላል። ገንዘቡ እሳቸው እጅ ሲገባ አይቀልጥም እንዴ? እናንተ የሸሻችሁትን ሥጋት ለአንድ ሽማግሌ አሳልፋችሁ ልትሰጧቸው ነው። በሁለት በሦስት ዓመት ገንዘቡ ሲያልቅ፣ መሬትም ገንዘብም የሌላቸው የሥጋ ዘመድ ይኖሯችኋል። በዓል በመጣ ቁጥር ዓይን ለዓይን የምትተያዩ ሰዎች ናችሁ። መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ "አያ፣ ምን ቸገረዎት?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ችግራቸው የዘንድሮ ዕዳ ብቻ ከሆነ ዕዳው የሚዘጋበት ሌላ መንገድ አለ።

መንገዱም ኪራይ ነው። ባለይዞታ መሬቱን በጽሑፍ ውል ማከራየት ይችላል፤ ውሉ ወረዳው የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። የኪራይ ዘመን ጣሪያ አለው። "ለዘለቄታው" የሚል ቃል ወይም ከጣሪያው በላይ የሆነ ዘመን ከጻፋችሁ ራሳችሁ ውሉን ትጎዱታላችሁ። ጥቂት ዓመት ተከራይታችሁ፣ በእርግጥ እርሻ ለእናንተ የሚሆን ነገር መሆን አለመሆኑን ማየት ይሻላል። ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም ትፈርም። ደግሞ አሁን የመሬት መጠቀም መብት ለብድር መያዣ ስለሚሆን፣ ማሳው በብድር ተይዞ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። የማሳው መለያ ቁጥርና ካርታው ከውሉ ጋር ይግጠም።

ክፍያውን በአንድ ጊዜ ለዓመታት ጠቅልላችሁ አትስጡ። ለእናንተ ዛሬ ጠቅልሎ መክፈል የሚያዋጣ ይመስላል፤ ለእሳቸው ግን በሦስተኛው ዓመት ኪራዩ ከምንም አይቆጠርም። ያኔ ቅሬታ ይመጣል፤ ቅሬታ ደግሞ ውል ያፈርሳል። በየዓመቱ ይከፈል፣ መጠኑም በጤፍ ይታሰር። ለምሳሌ "ለዓመት ይህን ያህል ኩንታል ጤፍ፣ ወይም በዚያ ወር በቢቸና ገበያ የሚያወጣውን ዋጋ" ብላችሁ ብትጽፉ፣ ብሩ ወደቀም ተነሣም ሁለታችሁም አትጎዱም። የዓመቱ የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና ግብር በማን ይከፈል፣ እርከኑን ማን ይጠግን፣ ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ካለ የማን ነው፣ በረዶ ቢመታው ኪራዩ ይቀንሳል ወይ፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ።

ማን ያርሰዋል? ይህን በደብዳቤሽ አላየሁትም፤ በሬም የላችሁም። ስለዚህ እኩል አራሽ ያስፈልጋችኋል፤ ምናልባት ከአዛውንቱ ልጆች አንዱ። እሱ ጉልበትና በሬ ያመጣል፣ እናንተ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ታቀርባላችሁ፣ ምርቱ ይካፈላል። እንዲህ ከሆነ የአዛውንቱ ቤተሰብ ከመሬቱ ላይ እንጀራ ስለሚበላ የሚከሳችሁ ሳይሆን የሚጠብቅላችሁ ይሆናል። ማሳውን ግን ክረምት ላይ ሄዳችሁ እዩት። የቢቸናና የደጀን ጥቁር መረሬ አፈር ጤፍ የሚያበቅል ለም አፈር ቢሆንም ሐምሌ ላይ ውሃ ይቋጥራል። በበጋ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ያያችሁት ሜዳ ክረምት ኩሬ ሊሆን ይችላል። ውሃው የሚወርድበት ቦይ ካለው፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ሽንብራ ወይም ጓያ ይዘራበት እንደሆነ አዋሳኞቹን ጠይቁ። አዋሳኝ ገበሬ ስለ አንድ ማሳ ከባለቤቱ የበለጠ እውነት ይናገራል።

"ብዙ ያተርፋል" በሚል ወሬ ደግሞ አትነዱ። አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ሰው የእህል መሬቱን ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሞላበት፤ ዓመታት አበላው፤ ኋላ ዛፉን በሽታ ገባበት። በአንድ ነገር ላይ ሁሉን ማፍሰስ ምን እንደሚያስከትል እዚያ የሚያውቀው ብዙ ነው።

እናም 700 ሺሁን በሙሉ ወደ ገጠር አትውሰዱት። መጀመሪያ የስድስት ወር የቤት ወጪያችሁ ባንክ ይቀመጥ። ዋጋው ቢቀንስም ሌሊት ልጅ ሲታመም የሚያሳክም ብር ነው፤ ነርስ ስለሆንሽ ይህን ከእኔ የተሻለ ታውቂዋለሽ። ለአንድ ወቅት ኪራይ፣ ማዳበሪያና ዘር የሚበቃውን ለዩ። ለቀሪው ባሕር ዳር ያለውን ዕድል እዩ። የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንሽ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚደራጅ ባልደረባ ካለ ጠይቂ። የከተማ ቦታም የመንግሥት ነው፤ ግን በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይያዛል፤ ካርታው በስማችሁ ይወጣል፤ የሠራችሁት ቤትም የእናንተ ንብረት ነው። ባለቤትሽ የሚፈልገው ዓይነት መተማመኛ፣ ብር ሲረክስ የማይረክስ ነገር በስሙ ማግኘት፣ በእጃችሁ ባለው አቅም ከዚያ የሚቀርብ አይመስለኝም። ገንዘቡ አሁን ባይበቃ በማኅበር ቀስ ብሎ ይሞላል።

ሌላው፣ የሁለታችሁም ወላጆች ቢቸና አካባቢ ናቸው ብዬ ገምቻለሁ። የእነሱ ደብተር ላይ ምን እንዳለ፣ ከወንድሞችሽ ጋር ያንቺ የውርስ ድርሻ ምን እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? መሬት በሕግ ወደ እጃችሁ ሊገባ የሚችልበት አንዱ መንገድ ውርስ ነው። ሴት ልጅ ከተማ አገባች ተብሎ ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል።

ለባለቤትሽ እንዴት እንደምትነግሪው ጠይቀሽኛል። "እንቢ" ብለሽ አትጀምሪ፤ እሱ ለቤታችሁ ነው የጨነቀው፣ ይህን እንዳወቅሽለት መጀመሪያ ንገሪው። ቀጥለሽ "ብሩ ቢወድቅና መሬቱ ቢወደድ የአያ ልጆች ምን ያደርጋሉ?" ብለሽ ጠይቂውና መልሱን ራሱ ያምጣው። ወደ ቢቸና የሚጭንበት ቀን ሲኖር አብረሽው ሂጂ። አያንና እትዬን ሁለቱንም ይዛችሁ እነማይ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ግቡና የኪራይ ውል ማስመዝገብ እንደምትፈልጉ ንገሩ። የሚሞላው ቅጽ ምን እንደሚጠይቅ፣ ማን ማን መፈረም እንዳለበት ባለሙያው ፊት ለፊት ሲነግረው ይስማ። ይህን ከሚያዝያ በፊት ጨርሱት፤ ከዚያ በኋላ ገበሬው እርሻ ውስጥ ስለሚገባ የሚያነጋግራችሁ ሰው አታገኙም።